የእንግሊዝኛ ቴንስን ለትናንሽ ልጆች ማስተማር፦ ከሰንጠረዡ በፊት ሰኞ ማክሰኞ

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አስነሥታችሁ «ጎ» በሉት። «ዌንት፣ ጎን» ብሎ ይጨርስላችኋል። ቨርብ ዋን፣ ቨርብ ቱ፣ ቨርብ ስሪን በዜማ ተወጥቶታል። አሁን ደግሞ ትናንት ከትምህርት ቤት በኋላ የት እንደሄደ በእንግሊዝኛ ጠይቁት። «የስተርዴይ አይ ጎ ሆም» ይላል። ቃሉን ያውቀዋል። መቼ እንደሚያወጣው ነው ያልያዘው።

ሀዋሳ ውስጥ ልጅ የሚያስጠና ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ደብተሩ ሲገለጥ አሥራ ሁለቱም ቴንስ በሰንጠረዥ ተጽፈዋል፣ በቀይ እስክሪፕቶ ተሰምሮባቸዋል። ልጁ ግን ስለ ትናንት ማውራት አይችልም። በእኔ አስተያየት ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላለ ልጅ አራት ይበቁታል፦ አሁን የሚሆነው፣ በየቀኑ የሚሆነው፣ ትናንት የሆነው፣ ነገ የሚሆነው። ስማቸውን እንኳ ባያውቅ ምንም አይጎድልበትም። «ፕረዘንት ኮንቲኒዩስ» የሚለውን ስም በኋላ በአንድ ቀን ይማረዋል።

ዋናው ሥራ ሌላ ቦታ ነው። አማርኛም ጊዜን ይከፍላል፤ አከፋፈሉ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር በየቦታው አይገጥምም። ልጁ የሚሳሳተው በማይገጥምበት ቦታ ነው። ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት፤ በሚገጥመው ላይ ቶሎ እለፉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል የምጽፈው ድምፁ እንዲሰማ ነው። ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉት፤ ግን ልጆቹ አፋቸው ከለመደው በኋላ ይሁን።

መጀመሪያ ግሦቹን ምረጡ

ሃያ ግሥ ይበቃል። መስፈርቱ ሁለት ነው፦ ክፍል ውስጥ በሰውነት መሥራት የሚቻል፣ ልጁም ቤቱ የሚያደርገው ይሁን። የእኔ ዝርዝር ይህ ነው፦ ኢት፣ ድሪንክ፣ ዎክ፣ ራን፣ ሲት፣ ስታንድ፣ ስሊፕ፣ ዋሽ፣ ኦፕን፣ ክሎዝ፣ ራይት፣ ሪድ፣ ፕሌይ፣ ሲንግ፣ ጃምፕ፣ ካም፣ ጎ፣ ባይ፣ ካች፣ ኩክ።

አብዛኞቹ ኢሬጉላር፣ ማለትም ኃላፊ ጊዜያቸው ኢ ዲ በመጨመር የማይሠራ፣ መሆናቸውን አይታችሁ ይሆናል። ሆን ብዬ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ በየቀኑ አፍ ላይ የሚውሉት ግሦች በአብዛኛው ኢሬጉላር ናቸው። ልጁ ቀለል ያሉትን ብቻ መርጦ ቢማር ስለ ቀኑ ምንም ማውራት አይችልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቴንስ የሚባል ነገር አታንሡ። ትዕዛዝ ብቻ ስጡ። ልጆቹ «ስታንድ አፕ»ን እና «ሲት ዳውን»ን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁታል፤ ቲቸር ሲገባ የሚነሡበት፣ የሚቀመጡበት ነው። ሌሎቹንም በዚያው መንገድ አስገቧቸው። «ጃምፕ!» ስትሉ ይዘላሉ። «ስሊፕ!» ስትሉ ዴስኩ ላይ ይተኛሉ። ክፍሉ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ በረድፍ ከፋፍሏቸው፤ አንዱ ረድፍ ይሥራ፣ ሌላው ግሡን ይጥራ። ጫጫታ ይኖራል። ከጎረቤት ክፍል መምህር ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንደኛ ደረጃ፦ አሁን

በ«ኢንግ» ጀምሩ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮጀር ብራውን አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሦስት ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ውጤቱን አሳትሟል። ከግሥ ቅጥያዎች ሁሉ ቀድመው የያዙት «ኢንግ»ን ነበር። «ሂ ዎክስ» የሚለው የኤስ ቅጥያ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ለእነዚያ ልጆች የቀለለው ለእኛዎቹም ይቀላል ማለት ላይሆን ይችላል። ግን «ኢንግ» ሌላም ጥቅም አለው፤ ድርጊቱ ዓይን ፊት ነው። ማብራሪያ አይፈልግም።

አንድ ልጅ ወደ ፊት ይውጣ። ውሃ እንደሚጠጣ ያስመስል። ክፍሉን «ዋት ኢዝ ሂ ዱዊንግ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን መጀመሪያ እናንተ በሉት፦ «ሂ ኢዝ ድሪንኪንግ»። ከዚያ እነሱ ይቀጥሉ። ወዲያው «ኢዝ» መውደቅ ይጀምራል፤ «ሂ ድሪንኪንግ» ይላሉ። እዚህ አማርኛው ያግዛችኋል። «እየጠጣ ነው» ስንል ሁለት ክፍል አለን፤ «እየጠጣ» ብሎ ማቆም እንደማይቻል ልጁ በጆሮው ያውቃል። «ነው»ው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይገባዋል።

ጣትም ይረዳል። አንድ ጣት ለአንድ ቃል። «ሂ» አውራ ጣት፣ «ኢዝ» ሌባ ጣት፣ «ድሪንኪንግ» መሐል ጣት። ልጁ «ኢዝ»ን ሲዘል ሌባ ጣታችሁን ብቻ ነካ ነካ አድርጉ። አፋችሁን ሳትከፍቱ ራሱን ያርማል።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ይህን ብዙ መጻሕፍት አይነግሩንም፤ ለእኛ ልጆች ተብለው ስላልተጻፉ ነው። ስለ ሀይቁ ዳር አንድ ሥዕል ሳሉ፦ አንድ ሰው ጀልባ ይቀዝፋል፣ አንዲት ሴት ዓሣ ታጥባለች፣ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሞ ያያታል፣ አንድ ልጅ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ውሻ ተኝቷል። ሴትየዋን ሲጠየቁ «ሺ ኢዝ ዋሺንግ ፊሽ» ብለው በትክክል ይመልሳሉ። ውሻው ላይ ሲደርሱ ግን «ኢት ስሌፕት» የሚል ይመጣል። ልጁ ላይ ሲደርሱ «ሂ ሳት»።

ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በአማርኛ ውሻው «ተኝቷል»፣ ወፉ «ቆሟል»፣ ልጁ «ተቀምጧል»፣ ሸሚዝ «ለብሷል»፣ ድንጋይ «ይዟል» ነው የምንለው። ያለቀ ድርጊት አድርገን ነው የምንናገረው። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ሁሉ በ«ኢንግ» ይላቸዋል፦ ስሊፒንግ፣ ስታንዲንግ፣ ሲቲንግ፣ ዌሪንግ፣ ሆልዲንግ። አምስቱን ለብቻቸው አውጥታችሁ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጧቸው። ሥዕሉን ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት። በዚህ ቦታ አታስተርጉሙ፤ ትርጉሙ ራሱ ነው የሚያሳስታቸው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ። እናት ስትጠራ ልጅ ገና ከተቀመጠበት ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲወስደው «አይ ኬም!» ይሆናል። ትክክለኛው «አይ አም ካሚንግ» ነው። «ገባኝ» ብሎ ለማለት «አይ አንደርስቱድ»፣ «ራበኝ» ለማለት ደግሞ ኃላፊ ጊዜ ፍለጋ ይሄዳል። «አይ አንደርስታንድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ» እንደ አንድ ቃል ይሸምድዷቸው። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ሲቲንግ» ላይ ቲ ለምን ሁለት ይሆናል፣ «ራይቲንግ» ላይ ኢ ለምን ይጠፋል የሚለውን ወደ ጽሕፈት ስትሄዱ ታነሡታላችሁ። አሁን ተዉት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በየቀኑ

ልጁ ራሱን ይናገር። «ኤቭሪ ዴይ አይ ዎክ ቱ ስኩል»። ከዚያ ስለ ቤተሰቡ ይናገር። «ማይ ፋዘር ድራይቭዝ ኤ ባጃጅ»፣ «ማይ ማዘር ኩክስ»። እዚህ ኤስ ትመጣለች፤ ለብዙ ጊዜም ስትመጣና ስትጠፋ ትኖራለች። ልጁ ሕጉን በቃሉ እየነገራችሁ «ማይ ፋዘር ድራይቭ» ቢላችሁ አትደነቁ። ኤስ የምትመጣው በልምምድ ብዛት ነው። በዚህች ፊደል የልጅ ማርክ የሚቀንስ መምህር ልጁን ከመናገር ያስፈራዋል እንጂ ኤስን አያመጣትም።

የሚሠራው ዘዴ ይኸውና። ከብስኩት ካርቶን ላይ አንድ ትልቅ ኤስ ቁረጡ። አንዷ ብቻ ትሁን። አራት ልጆች ቃላት ይዘው ይሰለፉ፦ «ማይ ፋዘር» ለሁለት፣ «ድራይቭ»፣ «ኤ ባጃጅ»። አምስተኛ ልጅ ኤስን ይዞ «ድራይቭ» ጎን ይቆማል። አሁን ጥያቄ እንሥራ። «ዱ» የያዘ ልጅ ከፊት ይመጣል፤ ኤስ የያዘው ልጅ ሮጦ ከ«ዱ» ጋር ይያያዛል። «ዳዝ» ሆነ። «ድራይቭ» ባዶውን ቀረ። ኤስ አንዷ ናት፤ ሁለት ቦታ መቆም አትችልም። «ዳዝ ዩር ፋዘር ድራይቭዝ?» የሚለው ስሕተት በዚህ ጨዋታ በጣም ይቀንሳል። ካርቶኑን አትጣሉት፤ ትናንት ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ቀጥሎ «አሁን»ን እና «በየቀኑን» አጋጩ። አንድ ልጅ ፊት ወጥቶ እንደተኛ ያስመስል። «ኢዝ ሂ ስሊፒንግ?» የስ። «ዳዝ ሂ ስሊፕ ኢን ክላስ ኤቭሪ ዴይ?» ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ አንዳንዱ የስ ይላል። ልዩነቱ ግን ገብቷቸዋል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። መጻሕፍቱ በ«አይ ጌት አፕ አት ሲክስ» የተሞሉ ናቸው። የእኛ ልጅ የሚነሣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ «አት ትዌልቭ» ይላችኋል። በራሱ አቆጣጠር ትክክል ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች በስድስት ሰዓት ይለያያሉ። ቴንስና ሰዓትን በአንድ ቀን አትደባልቁ፤ ልጁ የቱ ጋ እንደተሳሳተ አያውቅም። ቴንስ ስታስተምሩ «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «አፍተር ስኩል» ይበቃል። ሰዓት የራሱ ክፍለ ጊዜ ይኑረው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ትናንት

ከሁሉም ረጅሙ ይኼ ነው። ለ«አሁን» ሁለት ሳምንት ከሰጣችሁት ለዚህ ስድስት ስጡት።

በዜማ የሚወጣውን ዝርዝር ወዲያ በሉት፤ በታሪክ ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ፣ በእጅ እያሳያችሁ ተናገሩ፦ «የስተርዴይ አይ ዌንት ቱ ዘ ሌክ። አይ ሶ ኤ ቢግ በርድ። ኢት ኬም። ኢት ኤት ማይ ፊሽ»። የሀዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ የሚያውቅ ልጅ ወፉን ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ዓሣ አጣቢዎቹ አጠገብ ተራ ጠብቆ የሚቆመው አባ ኮዳ ነው። ታሪኩን ደግማችሁ ንገሩና ግሡ ላይ ስትደርሱ ዝም በሉ። እነሱ ይሙሉት። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ራሳቸው ያወሩታል፣ የወፉንም ሆዳምነት ይጨምሩበታል።

ኢሬጉላሮቹን በፊደል ተራ አታስጠኑ። ጆሮ የሚይዘው በድምፅ ሲቧደኑ ነው። «ሲንግ፣ ሳንግ» ከ«ድሪንክ፣ ድራንክ» ጋር ይሂድ። «ባይ፣ ቦት»፣ «ብሪንግ፣ ብሮት»፣ «ካች፣ ኮት» አንድ ቤት ናቸው። «ፑት» እና «ካት» አይለወጡም። «ሪድ» አጻጻፉ አይለወጥም፤ ድምፁ ግን «ሬድ» ይሆናል። በነገራችን ላይ የእኛ አፍ «ገዛች»ንም «ጀልባ»ንም «ቦት» ብሎ ያልፋቸዋል። ሀይቅ ባለበት ከተማ ይህ ያስቃል እንጂ አይጎዳም፤ ዓረፍተ ነገሩ ይለየዋል።

የሬጉላሮቹ ችግር ንባብ ነው። ልጆቹ መጨረሻ ላይ ኢ ዲ ሲያዩ ሁሉንም «ኤድ» ብለው ያነቡታል፤ «ዎክኤድ»፣ «ፕሌይኤድ»። የእኛ ፊደል እዚህ ትልቅ መድኃኒት ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤት ሥሩና «ት»፣ «ድ»፣ «ኢድ» ብላችሁ ጻፉባቸው። ዎክት፣ ዋሽት፣ ኩክት፣ ጃምፕት በ«ት» ቤት ይገባሉ። ፕሌይድ፣ ኦፕንድ፣ ክሎዝድ በ«ድ» ቤት። ግሡ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይሆናል፦ ዎንቲድ፣ ካውንቲድ። በድምፅ አውጥተው እየተናገሩ ልጆቹ ራሳቸው ይደልድሏቸው።

«ኢትድ» ወይም «ካምድ» የሚል ልጅ ይመጣል። ይሄ ደስ ሊላችሁ የሚገባ ስሕተት ነው። ማንም እንደዚያ ብሎ አላስተማረውም፤ ሕጉን ራሱ ደርሶበት እየተጠቀመበት ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆችም ያልፉበታል። «ስሕተት!» አትበሉት። «አይ ኢትድ ፊሽ» ካለ «ኦ፣ ዩ ኤት ፊሽ! ዋዝ ኢት ጉድ?» ብላችሁ ወሬውን ቀጥሉ። ትክክለኛውን ሰምቷል፤ ወሬውም አልተቋረጠም።

ካርቶኗን አሁን አምጡ። በጀርባዋ ላይ ኢ ዲ ጻፉ። «ዲድ» ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ኃላፊነቱን ከግሡ ነጥቆ ይወስዳል። «ዩ ፕሌይድ» የነበረው «ዲድ ዩ ፕሌይ?» ይሆናል። ከኤስ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ልጆቹ ሳትነግሯቸው ያዩታል።

ሰኞ ማክሰኞ

አሁን ከክፍል ውጡ። በጠመኔ ወይም በከሰል መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሥሩ፤ ልጆቹ ከእናንተ በተሻለ ይሥሉታል። ሰባት ቤት ይሁን፣ ቀኖቹን በእንግሊዝኛ ጥሯቸው። ዛሬ ረቡዕ ከሆነ ተጫዋቹ ረቡዕ ላይ ይቆማል።

ድንጋዩ ማክሰኞ ላይ ከወደቀ ወደ ኋላ ዘሎ ስለ ትናንት አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ዓርብ ላይ ከወደቀ ወደ ፊት ይዘላል፣ ያቀደውን ይናገራል። ራሱ የቆመበት ላይ ከወደቀ አንድ ድርጊት ያስመስላል፣ ሌሎቹ በ«ኢንግ» ይናገሩለታል። ድንጋዩ ከመስመር ውጪ ከሄደ ቅጣቱ ሰባቱንም ቤት በአንድ እግር እየዘለለ «ኤቭሪ ዴይ» የሚያደርገውን መናገር ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሳተ እንደ ተራው ጨዋታ ይወጣል፤ ዳኞቹ ልጆቹ ናቸው፣ በዚህ ደግሞ ከእናንተ ይብሳሉ። ስለ ነገ ገና ካልተማሩ የወደፊቱን ቤቶች ለጊዜው ዝለሏቸው።

ግቢ ከሌላችሁ በእጅ ምልክት ተኩት። መዳፍ ወደ መሬት ለአሁን፣ ጣት በክብ ማዞር ለየቀኑ፣ አውራ ጣት ወደ ትከሻ ኋላ ለትናንት፣ እጅ ወደ ፊት ለነገ። ዓመቱን ሙሉ አትቀያይሯቸው።

ይህ ሁሉ ለሌላም ይጠቅማል። ሀዋሳ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ ሲዳሙ አፎ የሚናገር፣ ወላይትኛ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። «ነው»ው የት ሄደ የሚለው የእኔ ዘዴ ለሁሉም እኩል አይሠራም። መሬት ላይ የተሣለው መስመርና የእጅ ምልክቱ ግን ለሁሉም ይሠራል። የልጆቹን ቋንቋ የምታውቁ ከሆነ በዚያ ቋንቋ የት እንደሚገጥምና የት እንደማይገጥም ራሳችሁ ፈልጉ።

አራተኛ ደረጃ፦ ነገ

ይኼ አጭር ነው። ችግሩ አንድ ነው፦ «አባቴ ይመጣል» ስንል በየቀኑም ሊሆን ይችላል፣ ነገም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ «ቱሞሮ ማይ ፋዘር ካምዝ» ይላል።

በ«ጎዪንግ ቱ» ጀምሩ፤ በአማርኛ «ልሄድ ነው»፣ «ሊዘንብ ነው» ከምንለው ጋር ደህና ይገጥማል። ከታቦር ተራራ በላይ ደመና ሲጠቁር በመስኮት አሳዩአቸው። «ኢት ኢዝ ጎዪንግ ቱ ሬይን»። ከዚያ ወደ ራሳቸው ዕቅድ። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል እንግዳ የሚቀበል ቤት ብዙ ነው፤ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ ወደ በዓሉ ቦታ ወደ ጉዱማሌ የሚሄድም እንዲሁ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት «ዋት አር ዩ ጎዪንግ ቱ ዱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከበዓሉ ማግሥት ያንኑ በ«ዋት ዲድ ዩ ዱ?» ጠይቁ። በአንድ በዓል ሁለት ቴንስ ተማሩ ማለት ነው።

«ዊል» ለእርዳታና ለቃል መግባት ይቆይ። መምህሩ ብዙ ደብተር ተሸክሞ ሲገባ «አይ ዊል ሄልፕ ዩ» የሚል ልጅ በቂ ነው። «ሀቭ» ያለባቸውን ቴንሶች ለከፍተኛ ክፍል ተዉአቸው።

እርማትና ፈተና

ባዶ ቦታ ሙላ፣ ግሡ በቅንፍ የተሰጠበት ዓይነት ፈተና ልጁ ሕግ ማስታወሱን እንጂ መናገሩን አይለካም። በእርግጥ ትምህርት ቤቱ ያንን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፈተናው ሲቀርብ ጥቂት ቀን አለማምዷቸው። የራሳችሁ መለኪያ ግን ያ የሀይቅ ዳር ሥዕል ይሁን። ሴትየዋን አሳይታችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ አሁን ምን እያደረገች ነው? በየቀኑ ምን ታደርጋለች? ትናንት ስንት ዓሣ ሸጠች? ነገ ምን ልታደርግ ነው? ልጁ ሳያስብ ከአንዱ ወደ ሌላው ከተሻገረ ይዞታል።

ደብተር ስታርሙ በአንድ ጊዜ አንድ ቴንስ ብቻ እረሙ። ሳምንቱ የትናንት ከሆነ የወደቀችውን ኤስ እለፏት። ገጹ በቀይ ከተሞላ ልጁ የትኛውን እንደሚያስተካክል አያውቅም።

ወላጆች እንግሊዝኛችሁ ባይበረታም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ማታ እራት ላይ «ዋት ዲድ ዩ ዱ ቱዴይ?» በሉ። ልጁ «አይ ፕሌይድ» ብሎ ቢያበቃ ይበቃል። በሚቀጥለው ቀን «ዊዝ ሁ?» ብላችሁ ጨምሩበት። ዓረፍተ ነገሩ እንዲረዝም አታስጨንቁት፤ እንጀራው ይቀዘቅዛል።